ቮላኖው ምን አጠፋ?

መኪና ያለው ሰው ጋራዥ ውስጥ መስማት ከሚፈራቸው ቃላት መካከል «ካምቢዮው መውረድ አለበት» የሚለውን የሚያህል የለም። ፍሬን ቢጮኽ፣ ራዲያተር ቢያፈላ፣ ካንዴላ ቢበላሽ ተስፋ አለ። ካምቢዮ ይወርዳል ሲባል ግን ባለመኪናው መጀመሪያ ኪሱን ይዳብሳል፣ ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል፣ ከዚያ ነገር ያውቃል ለሚባለው ዘመዱ ይደውላል። ዘመዱ ምንጊዜም አንድ መልስ ነው ያለው፦ «ከወረደ አይቀር ሙሉውን ቀይረው!» ሙሉው ማለት የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ፕሌትና ኩሽኔታ ነው። ሦስቱ በአንድ ካርቶን ይገዛሉ፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ አሮጌው ፍሪሲዮን ይፈታል። ያን ጊዜ ከሞተሩ ጀርባ ማንም ያላሰበበት አንድ ክብ ብረት ብቅ ይላል። ቮላኖው ነው። ፊቱ እዚህ ጋ ሰማያዊ፣ እዚያ ጋ የተጫረ፣ መሀል ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ የሚመስል ነገር ያለበት። ስለ እሱ አስቀድሞ የተናገረ ሰው የለም፤ ካርቶኑ ውስጥም ምትክ አልተላከለትም። መካኒኩ ከመኪናው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ «ቮላኖውን ምን እናድርገው?» ይላል። ሰዓቱ 11 ተሩብ ነው፤ ቶርኖ ቤቶቹ ሊዘጉ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከተማችን ሦስት መልሶች አሏት። የመለዋወጫ ነጋዴው «ይቀየር» ይላል። ቶርኖ ቤት ወንድም ያለው ሰው «ፊቱ ይላግ» ይላል። ባለመኪናው ደግሞ እየመሸበት ስለሆነ «ምን አለው? በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጋችሁ መልሱት» ይላል። ሦስቱም መልሶች የየባለቤታቸውን ኪስ በሚገባ መርምረው የተሰጡ ናቸው፤ ብረቱን የመረመረ ግን ከመሀላቸው የለም። ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። ቮላኖ ሳይለካ መጣል የለበትም፣ ሳይለካም መመለስ የለበትም። ተለክቶ ሲታይ ደግሞ፣ አንድ ወጥ ጠጣር ብረት እስከሆነ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ የሚበጀው የመኪናውን የራሱን ቮላኖ ፊቱን አስልጎ መግጠም ነው፤ መቀየር የሚገባው በጣት በሚቆጠሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ይህን ስል ቶርኖ ቤት ወንድም እንደሌለኝ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቮላኖ የሞተሩ ኮሎ (ክራንክ ሻፍት) ጫፍ ላይ በቡሎን የታሰረ ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ሦስት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ኮሎው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር የሚገፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንዱና በሌላው ግፊት መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ ሞተሩ ሳይንገጫገጭ እንዲያልፈው የሚያደርገው የቮላኖው ክብደት ነው። በዙሪያው ያለው ጥርሳም ቀለበት ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው የሚነክሰው ነው። ሦስተኛው፣ እኛን ዛሬ የሚመለከተው፣ ጠፍጣፋ ፊቱ ነው። ሸራው የሚኖረው በሁለት ብረቶች መካከል ነው፦ ከወዲህ ፕሌቱ፣ ከወዲያ ቮላኖው። እግራችንን ከፔዳሉ ስናነሳ ፕሌቱ ሸራውን ቮላኖው ላይ ይጫነዋል፤ አብረው እስኪዞሩ ድረስ ግን ይንሸራተታሉ፣ መንሸራተቱም ሙቀት ይሆናል። ያ ሙቀት በሸራው በሁለቱም በኩል ወዳሉት ብረቶች ይሄዳል፤ አንዱን መርጦ አያቃጥልም። እንግዲህ የጋራዡን ፍርድ ተመልከቱ። ፕሌቱ «ተቃጥሏል» ተብሎ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ይወረወራል። በዚያው ሸራ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ሾፌር እግር አብሮት የተቃጠለው ቮላኖ ግን «ምንም አይል» ተብሎ ለአዲሱ ሸራ ይዳራል። ጥፋቱ አንድ፣ ተከሳሹ ሁለት፣ ፍርዱም ሁለት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንደኛው ካርቶኑ ውስጥ ምትክ ያለው፣ ሌላኛው የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። እርግጥ ቮላኖ ከፕሌት ይወፍራል፣ ሙቀትንም ወደ ውስጥ ስቦ የመበተን አቅሙ የተሻለ ነው፤ የበለጠ ዕድሜ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ውፍረቱ ግን ከኋላው ነው ያለው። እሳቱን የሚቀበለው ፊቱ ነው፤ ፊት ደግሞ ወፍራምም ሆነ ቀጭን ብረት ላይ ያው ፊት ነው።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው? ይህ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። ተሳፋሪ ሞልቶ 2,500 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሳይይዝ በፍሪሲዮን ብቻ አንጠልጥሎት ቆሟል እንበል። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እያለ ነው፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ገና መንገድ ማዶ ነው። መኪናውን ወደ ኋላ የሚስበው የ250 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። ጎማው አይዞርም፣ ስለዚህ ካምቢዮውም ቆሟል፤ ሞተሩ ግን በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያ ማርሽና በዲፈረንሻሉ ተከፋፍሎ ሸራው ላይ የሚደርሰው ኃይል በዚህ ፍጥነት ሲባዛ ውጤቱ ከ4 ኪሎ ዋት በላይ ይሆናል። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ነው። ሾፌሩ እንግዲህ ጋቢናው ሥር፣ በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ አንድ ምጣድ ሰክቶ ቆሟል ማለት ነው፤ ለዚያውም ምጣዱ የተጣደው እንጀራ ሳይጋገርበት ነው። ከዚህ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች መሆኗን ጨምሩበት። አየሩ ሳስቶ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ሾፌሩም የጎደለውን ነዳጅ እየረገጠና ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ያካክሳል። ከለገሀር ወደ ፒያሳ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሚኒባስ ቮላኖ ሜዳ አገር ላይ የሚኖር ወንድሙ የማያውቀውን ኑሮ ነው የሚኖረው። ስለዚህ «የእንትና መኪና ሦስት ሸራ ቀይሮ ቮላኖው አልተነካም» የሚል ማስረጃ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እንትና የት ሰፈር እንደሚነዳ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው ቀለም እንምጣ፤ የጋራዡ ክርክር የሚምታታው እሱ ላይ ነውና። ብረት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፊቱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሰማያዊ ቆዳ ያወጣል። ቀለሙ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ እዚህ ቦታ ላይ እሳት ነበር ብሎ የሚመሰክር ምልክት ነው። ችግሩ ያ ቦታ ከዚያ በላይ ሄዶ ከ700 ዲግሪ አልፎ እንደሆነ ነው። እዚያ ሲደርስ የብረቱ የውስጥ አሠራር ይለወጣል፤ ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በቅጽበት ሲመጠው ደግሞ ያ ነጠብጣብ በውሃ እንደነከሩት ያህል ይጠጥራል። በለስላሳ ብረት መሀል የጠጠረ ደሴት ተፈጠረ ማለት ነው። ደሴቱ ሸራውን የሚነክሰው ከጎረቤቱ በተለየ መንገድ ነው፤ ዙሪያው ሲያልቅ እሱ አያልቅም፣ ውሎ አድሮ ብቅ ይላል። መኪናው በመጀመሪያ ማርሽ ሲነሳ ከወለሉ ጀምሮ የሚንቀጠቀጠውና ጋቢና የተቀመጠውን ሽማግሌ ከእንቅልፋቸው የሚያነቃው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ብርጭቆ ወረቀቱ ምን ይሠራል? ሰማያዊውን ቆዳ በደቂቃ ውስጥ ያነሳዋል። ሥሩ ያለውን ጠጣር ደሴት ግን አይነካውም። ብረቱ ንጹሕ መስሎ ያበራል፣ ባለመኪናው ደስ ይለዋል፤ የጠፋው ማስረጃው ነው እንጂ ጥፋቱ አይደለም። ከሦስቱ መልሶች ሁሉ የምጠላው ይህንን ነው። የሚቀይረው ሰው ገንዘብ ያባክን ይሆናል፤ የሚያሸው ሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ሊያየው የሚገባውን ምልክት አጥፍቶበት ነው የሚሄደው።

«ስንት ዓመት እንደዚህ ስናደርግ ምን ሆነ?» የሚል መካኒክ ይነሳል። ለዚህ ሰው አክብሮት አለኝ፤ ከፊሉ እውነት ነውና። ሾፌሩ ረጋ ያለ፣ ሸራው ሳያልቅ በጊዜ የተቀየረ፣ የቮላኖው ፊት ወጥ ሆኖ ቀለም ያልያዘና ጥፍር የሚያስቆም ጭረት የሌለበት ከሆነ፣ ለክቶ፣ ዘይቱን ጠርጎ እንዳለ መመለስ ይቻላል። ሳይጎዳ የሚላግ ብረትም ያለ ጥቅም የባከነ ብረት ነው። የዚህ መከራከሪያ ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። መካኒኩ የሚቆጥረው ተመልሰው የመጡትን መኪኖች ነው። በዓመቱ የተንቀጠቀጠው ሚኒባስ ሌላ ጋራዥ ሄዷል፤ እዚያም «ማነው ይህን የሠራው?» ተብሎበታል። ሁለት ዓመት ሊሄድ የሚገባው ሸራ በአንድ ዓመት ያለቀበት ባለመኪና ደግሞ የሚረግመው ሸራውን ነው፤ «የዘንድሮ ዕቃ» ይላል። ጥፋቱ ቮላኖው ላይ ሆኖ ስድቡን ሸራው ስለሚሸከምለት፣ የጋራዡ መዝገብ ላይ ቮላኖ ምንጊዜም ነጻ ነው። በዚያ ላይ እኛ አገር ሸራ «በጊዜው» የሚቀየረው ስንቱ ጋ ነው? የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ሸራውን የያዘው የሪቬት ራስ ከሸራው ፊት ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር ጠልቆ መገኘት አለበት ይላል። ባለመኪናው «ትንሽ ይሂድ፣ ገና ይስባል» እያለ ያቺን 0.3 ሚሊ ሲጨርሳት፣ ከዚያ በኋላ ቮላኖውን የሚያሸው ሸራ ሳይሆን የሪቬት ራስ ነው። ፊቱ ላይ ክብ ቦይ ይቆፍራል፤ አዲሱ ሸራ ደግሞ ከቦዩ አፋፍ ላይ እንጂ ከቦዩ ውስጥ አይነካም።

እንግዲህ መለካት የምንለው ምንድን ነው? እንደሚባለው ከባድ አይደለም። ቮላኖው ሞተሩ ላይ እንዳለ ዳያል ጌጅ የሚባለውን ባለ መርፌ መለኪያ ፊቱ ላይ አሳርፎ በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቅዱት ወዲያና ወዲህ መወላገድ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ፊቱ ላይ ሲጋደም ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ብረቱ ጎድጉዷል። ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል፤ ፋብሪካው ዝቅተኛውን ልክ ከወሰነ የሚገኘው በጥገና መጽሐፉ ወይም በራሱ በብረቱ ላይ ነው። ጥርሳሙ ቀለበት ደግሞ ዙሪያውን መታየት አለበት። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሁለት ተቃራኒ ቦታዎች በአንዱ ስለሚቆም፣ ሞተሪኖው የሚበላው እነዚያኑ ጥቂት ጥርሶች ነው። ቀለበቱ ብቻ ካለቀ ግን እሱም ቮላኖውን የሚያስጥል ምክንያት አይሆንም፤ በሙቀት ተላቆ በሙቀት የሚገጠም ዕቃ ነውና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስንጥቅ ነው። ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ጥልቀት የሌላቸው የሙቀት ስንጥቆች ብዙ ጊዜ ሲላግ አብረው ይነሳሉ። ተልጎ ከተፈቀደው ልክ ሳይወጣ ያልጠፋ ስንጥቅ፣ ወይም ወደ ቡሎን ቀዳዳ ወይም ወደ ዳር የዘለቀ ስንጥቅ ግን ድርድር የለውም፤ ይጣላል። ይህን ለምን አጥብቄ እንደምናገር ሒሳቡ ይነግራችኋል። ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቮላኖ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ዳሩ በሰዓት 317 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ረጋ ባለው የናፍጣ ሞተር በ3,000 ዙር እንኳ ከ150 ያልፋል። የለመድነው ሃይስ ሚኒባስ ላይ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ የተሰነጠቀ ቮላኖ የሚያስመልስ ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጋቢና አይቀመጥም። በዚህ አንድ ነገር ላይ ከመለዋወጫ ነጋዴው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ሌላ ጊዜ የምንስማማ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለመኪናው ይመጣል፦ «ብረት ከተላገ ሳሳ፣ ከሳሳ ደከመ።» ቁም ነገር ያለው ሥጋት ነው፣ መጠኑ ግን ተጋንኗል። በመደበኛ የሚነሳው ከሚሊ ሜትር ሩብ እስከ ግማሽ ነው። ይህ ከቮላኖው ውፍረት አንጻር ለጥንካሬውም ሆነ ለሙቀት መሸከም አቅሙ ከቁጥር አይገባም። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ ባለመኪና ግን እምብዛም አይገኝም። ፊቱ ወደ ሞተሩ በገባ ቁጥር ሸራውም ፕሌቱም አብረው ይገባሉ፣ ገፊው ኩሽኔታ ደግሞ ባለበት ይቀራል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፔዳል ይህን ትንሽ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያካክሳል፤ በካቦ የሚሠራው ግን እንደገና መስተካከል አለበት። ፊቱ ከልክ በላይ ከገባ የሸራው መሀል ቤት የቮላኖውን ቡሎኖች እስከ መንካት ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ ቮላኖ ደግሞ ወጥ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ሸራው የሚያርፍበት ፊትና ፕሌቱ የሚታሰርበት ዳር የተለያየ ከፍታ አላቸው። እዚህ ላይ ከመሀል የተነሳው ያህል ከዳሩም መነሳት አለበት። መሀሉ ብቻ ከተላገ ፕሌቱ ሸራውን የሚጫንበት ኃይል ይቀንስና አዲስ የተባለው ፍሪሲዮን በሳምንቱ ማንሸራተት ይጀምራል። ቶርኖ ቤት የሚላከው ልጅ ብረቱን ተሸክሞ ሲሄድ አብሮ መላክ ያለበት መልእክት ይህ ነው፤ ልጁ ይዞ የሚሄደው ግን ብዙውን ጊዜ «ቶሎ በል ተብለሃል» የሚለውን ብቻ ነው።

ስለ ቶርኖ ቤቱ ራሱ ደግሞ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ምንም እንኳ ባለሙያዎቹን ባላስቀይም ብወድም። ቶርኖ የሚቆርጠው በስለት ነው። ስለቱ በለስላሳው ብረት ላይ ሲሄድ ቆይቶ ከላይ ያነሳነው ጠጣር ደሴት ሲያጋጥመው ገፋ አድርጎት ያልፋል፤ ብረቱ ተልጎ ሲመጣ ሜዳው ዝቅ ብሎ ደሴቱ ጉብታ ሆኖ ቀርቷል። ባለመኪናው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነገር ቢኖር በፊት ያልነበረ ጉብታ ነው። ከዚያ ያመለጠውም ቶርኖ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ይተዋል። ትክክለኛው መሣሪያ የሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ ያለው ማሽን ነው፤ ድንጋዩ ለስላሳውንም ጠጣሩንም እኩል ይበላል። ሞተር የሚያድሱና የቴስታታ ፊት የሚያስተካክሉ ቤቶች ይህን የመሰለ ማሽን አላቸው፣ ወይም ያለውን ያውቃሉ። «ቶርኖ አስገብቼው ነበር፣ ይባስ ብሎ ተንቀጠቀጠ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አይዋሹም። ምስክርነታቸው ግን የሚያስረዳው ማስላግ እንደማይረዳ ሳይሆን በምን እንደተላገ አለመጠየቁን ነው። ድንጋይ ያለበት ቤት ሩቅ ሆኖ ወረፋም ቢኖረው፣ ካምቢዮው ወርዶ ያደረ መኪና አንድ ቀን ቢጨምር ምንም አይሆንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ የሚፈታው ደግሞ እንደገና ካምቢዮ ወርዶ ነው።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ይሠራል? ቀይሮ መገላገል ነው» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ በአንዳንድ አገርም ትክክል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ወገናችን ማኑዋል መኪናውን ጋራዥ ቢያስገባ የሚከብደው የሰው ጉልበት ሰዓት ነው፤ ቮላኖው ተልጎ እስኪመጣ መኪናው መሥሪያ ቦታ ይዞ ከሚቆም አዲስ አስመጥቶ መግጠም ሊረክሰው ይችላል። እዚህ ሒሳቡ ተገልብጧል። ካምቢዮ የማውረድ ጉልበት ከዕቃው አንጻር ርካሽ ነው፣ አዲስ ቮላኖ ደግሞ ወይ የለም፣ ወይ በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ይመጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ቀይረው» ሲባል ብዙውን ጊዜ «አዲስ ግዛ» ማለት አይደለም፤ «ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ፈልግ» ማለት ነው። ያገለገለው ቮላኖ ማን ነው? የሌላ መኪና፣ በሌላ ሾፌር እግር፣ በሌላ ዳገት ላይ የተቃጠለ ብረት ነው። ነጋዴው እንዲያምር ብርጭቆ ወረቀት አሳልፎበት ይሆናል፤ ማስረጃው ጠፍቷል። የወጣው ከቶዮታ 2ኤል ሞተር ይሁን ከ5ኤል ሲጠየቅ መልሱ «ያው ነው፣ ይገባል» ነው። የጥርሱ ቁጥር፣ የቡሎኑ ቀዳዳ፣ የሸራው ስፋት ያው መሆኑን የሚያጣራው ግን ገዢው ራሱ ነው፣ ያውም ገዝቶ ከወሰደው በኋላ። የራስህ ቮላኖ ቢያንስ ታሪኩ ይታወቃል፤ ጥፋቱንም አብረኸው ስትሠራ ኖረሃል። የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ። ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነም እሱም መለካትና መላግ ስላለበት፣ ባለመኪናው የሸሸውን ቶርኖ ቤት ከነተጨማሪ ወጪው ደግሞ ያገኘዋል። እውነተኛ አዲስ የተገኘለት ሰውም ቢሆን አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ አዲስ ቮላኖ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በቤንዚን ተጠርጎ ካልደረቀ ያ ዘይት አዲሱ ሸራ ውስጥ ይገባል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ከዚያ በኋላ መታመን አይቻልም። በዚሁ አጋጣሚ የኮሎውን ጀርባ ዘይት የሚያግደው ፓራውሊዮ እርጥበት ካሳየ መቀየር ያለበት ቮላኖው በወረደበት በዚያች ቀን ነው። ከሌላው ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ በኋላ ካምቢዮ የሚያስወርደውም እሱ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ለጠጣሩ ቮላኖ ነው፤ ለአሮጌው ኮሮላ፣ ለሃይሱ፣ ለብዙው አይሱዙ። ክርክሬ ወሰን አለው፣ ወሰኑም ባለ ሁለት ክብደት የሚባለው ቮላኖ ነው። ይህ ቮላኖ አንድ ብረት አይደለም። በመካከላቸው ረጃጅም ስፕሪንግና ግራሶ ያለባቸው ሁለት ብረቶች ናቸው፤ ሉክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ በናፍጣ ፒክአፖችና በአውሮፓ መኪኖች ላይ ተስፋፍቷል። አገራችን ካሉት መካከል ኒሳን ናቫራና ፎርድ ሬንጀር ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ፊቱን ማየት ብቻ አይበቃም። ሁለቱን ብረቶች በእጅ ግራና ቀኝ አዙሮ፣ ወዲያና ወዲህ ነቅንቆ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ይላወሱ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲጠፋ ከሥር የሚሰማው መንኳኳትም ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች እንዲላግ አይፈቅዱም፤ የውስጡ ስፕሪንግ ካለቀ ደግሞ ፊቱን ማሳመር ለማንም አይጠቅምም። ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ስለሆነ ወደ ጠጣር መለወጫ ሙሉ ኪት ይሸጣል፤ ብዙ ሰውም ይገዛዋል። ይህን በጭፍን አልቃወመውም። ኪቱ ለዚያ ሞተር የተሠራ ሆኖ፣ ሸራው ራሱ ንዝረት የሚውጥ ስፕሪንግ ያለው ከሆነ፣ ለሥራ መኪና የሚያስኬድ ነው፤ ቮላኖው ይውጠው የነበረው ንዝረት ወደ ካምቢዮው እንደሚተላለፍና ድምፁ እንደሚጨምር ግን ገዢው አውቆ ይግዛው። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው፦ የአሮጌውን ሁለት ብረት በብየዳ አንድ አድርጎ «ጠጣር አደረግንልህ» የሚለውን። እሱን የሚያደርግ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ጋቢናው ውስጥ ራሱ ይቀመጥበት።